ካፖርቱ ከኮት በላይ አልገባ አለ፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ልብስ ስፌት ለምታውቁ ጥያቄ አለኝ። ፒያሳ ያሰፋሁት የሱፍ ካፖርት ለስቶክሆልም በረዶ የታሰበ ነው። በሸሚዝ ብቻ ሲለበስ ልክክ ይላል፤ ከኮት በላይ ሲሆን ግን ብብት ስር ይይዛል፣ ጀርባው ይወጠራል። ልኬቱ በሸሚዝ ስለተወሰደ ነው። ደረቴ 100 ሴንቲ ሜትር፣ ኮቱ 108፣ ካፖርቱ 112። ቢያንስ 118 መሆን ነበረበት፤ ካፖርት ሲጠብ በመሃል የሚሞቀው አየር ቦታ ስለሚያጣ ወፍራም ሱፍም ብርድ አይችልም።

የጎን ስፌቶቹ በየጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ አላቸው። ለስፌት 1 ብናስቀር ከአራቱ ጠርዝ 4 ይገኛል፤ 116 ማለት ነው፣ አይበቃም። ከዚያው ጨርቅ አንድ ሜትር ያህል ተርፏል። ከብብት እስከ ታችኛው ጫፍ በየጎኑ ቀጭን ቁራጭ ቢገባ ያስታውቃል? እጅጌውስ ከየት ይጨመርለታል?

ልብስ ሰፊው «የእጅጌውን መግቢያ ወደ ታች ልቁረጠው» ይላል። እኔ እፈራለሁ። መግቢያው ሲወርድ ክንድ በተነሳ ቁጥር ካፖርቱ በሙሉ አብሮ ይነሳል፤ የተቆረጠ ጨርቅ ደግሞ አይመለስም። ጉዞው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ገበሩ ሳይፈታ በፊት ይህን የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።