ባዮቴክ ኩባንያ ሕዝቡን መቼ ያነጋግር?

ጥያቄ፦ በዘረመል የተለወጠ ሰብል ወደ አውሮፓ ኅብረት ገበያ ለማስገባት የሚያመለክት ኩባንያ ሕጉ ያስቀመጠው የሕዝብ አስተያየት አይበቃውም?

መልስ 1፦ አይበቃውም። በደንብ 1829/2003 መሠረት ሕዝቡ የሚጠየቀው የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣኑ ኤፍሳ ግምገማውን ካወጣ በኋላ ነው፤ ያውም ለ30 ቀን። ያኔ ዘሩ ተመርጦ ገንዘቡም ፈሷል። «መጀመሪያውኑ ለምን አስፈለገ?» ለሚል ሰው ቦታ የለም።

መልስ 2፦ የዴንማርክን የዜጎች ጉባኤ አካሄድ እዩት፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በጂን ቴክኖሎጂ ነው የጀመሩት። 14 ገደማ ተራ ዜጎች ሁለት ቅዳሜና እሁድ ይዘጋጃሉ፣ ጥያቄዎቹን ራሳቸው ያወጣሉ፣ በባለሙያዎቹ ምርጫም ድምፅ አላቸው። ከዚያ በአደባባይ ጠይቀው የመጨረሻውን ሰነድ በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ። ነገሩ የሚበላሸው አጀንዳውን ኩባንያው ሲይዘው ነው፤ ውይይቱ ማስታወቂያ ሆኖ ያርፋል። ወጪውን ቢሸፍን እንኳ አወያዩን ሌላ ይምረጠው።

መልስ 3፦ አንድ ልጨምር፤ መድረክ ላይ የኅብረቱን የ0.9 በመቶ ወሰን የደኅንነት ወሰን አስመስላችሁ አታቅርቡ። ምግቡ ላይ «በዘረመል የተለወጠ» ተብሎ መጻፍ ግዴታ የሚሆንበት የመለያ ጽሑፍ ወሰን ነው፦ የተፈቀደ ዝርያ ሳይታሰብ ሲቀላቀል፣ በእያንዳንዱ ግብዓት የሚሰላ። ይህን የሚያውቅ አንድ ተሳታፊ ከተገኘ ሌላውን የሚያምናችሁ የለም።