በጂኦግራፊ ፈተና ከ70ዎቹ ፈቀቅ ማለት አቃተኝ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሐይቅ ተማሪ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። ሐይቅ ከተማ የምማር የ12ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የጂኦግራፊ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ ባነብም ውጤቴ ከ70ዎቹ አላለፈም። ባለፈው ፈተና፣ መስፈርቱ 1፡50,000 በሆነ ካርታ ላይ 6 ሴንቲሜትር በሚራራቁ፣ አንዱ በ1,900 ሌላው በ2,200 ሜትር ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኝ መስመር) ላይ ባሉ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ተዳፋት ስንት እንደሆነ ተጠይቄ፣ 300ን ለ6 አካፍዬ 50 ብዬ መለስሁ። በአጭር መልስ ጥያቄዎች ደግሞ «ያልተሟላ» የሚል ቀይ ጽሑፍ አያጣኝም። ከ90 በላይ ያመጣችሁ እንዴት አጠናችሁ?

ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ፦
ልጄ፣ ማካፈሉን አላጠፋሽም፤ ያጠፋሽው ሜትርን ለሴንቲሜትር ማካፈልሽ ነው። በዚያ መስፈርት 1 ሴንቲሜትር በመሬት ላይ 500 ሜትር ስለሆነ 6ቱ 3,000 ሜትር ይሆናል፤ 300 ለ3,000 ሲካፈል ተዳፋቱ 1፡10 ነው፤ ይኸውም 10 ሜትር አግድም ስትሄጂ 1 ሜትር ትወጫለሽ ማለት ነው። ካርታ ማስመሪያና እርሳስ ተይዞ እንጂ በንባብ ብቻ አይለመድም።

«ያልተሟላ» የተባልሽው ምክንያቱን ጀምረሽ ስለምታቆሚ ይመስለኛል። ደሴ ከኮምቦልቻ ለምን ትቀዘቅዛለች ቢባል ብዙ ተማሪ «ከፍ ስለምትል» ብሎ እርሳሱን ያስቀምጣል። አራሚው የሚፈልገው ግን አየር በአብዛኛው የሚሞቀው ከመሬት በሚወጣ ሙቀት መሆኑን፣ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ እየሳሳ ሙቀት የመያዝ አቅሙ እንደሚቀንስ፣ በአማካይም በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚወርድ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 600 ሜትር ገደማ ልዩነት ስላለ ወደ 4 ዲግሪ ይጠጋል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጪ ተሳፋሪው የሚኒባሱን መስኮት መዝጋት የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ እኔም ሳስተምር ከመጽሐፉ ይልቅ ይህን መንገድ ነበር የምጠቅሰው።

የወልድያ ልጅ፦
እህቴ፣ መምህር ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ስለሆነ ፍጥነትም ያስፈልግሻል። እኔን የጠቀመኝ ማታ ማታ መጽሐፉን ዘግቼ የኢትዮጵያን ካርታ በባዶ ወረቀት ላይ መሳሌ ነው። ቦርከና ወደ አዋሽ፣ በሽሎ ወደ ዓባይ እንደሚፈስ በእጅሽ ከሳልሽው፣ የወሎ ደጋ የሁለት ተፋሰሶች ውሃ ከፋይ መሆኑን ማንም ሳይነግርሽ ታዪዋለሽ። የሕዝብ ብዛት ምዕራፉን በተመለከተ 70ን ለዓመታዊው የዕድገት መጠን ማካፈልን ልመጂ፤ ዕድገቱ በመቶ 2.5 ከሆነ ሕዝቡ በ28 ዓመት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምዕራፍ ብዙ መድከም አያስፈልግም።

የሐይቅ ተማሪ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሳልሁት፤ ከሐይቃችን አንድ ወንዝ ወጥቶ የሚሌን ወንዝ እንዲቀላቀል አድርጌ ነው የሳልሁት። ልክ ነው፣ መምህር?

ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ፦
ልክ አይደለም፣ ልጄ። ሐይቃችሁ ዛሬ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ውሃ ይገባበታል እንጂ። ያን ወንዝ አጥፊና፣ በየዓመቱ የሚገባው ውሃ በትነት ጭምር ወዴት እንደሚሄድ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አርምልሻለሁ።