20 ካቴተር ብቻ ነው ያለን፤ ለማን እናስገባው?

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። 8 አልጋ አለን። ባለፉት 3 ወራት ማዕከላዊ ካቴተር (ትልቅ የደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ከገባላቸው ሕሙማን 5ቱን የደም ኢንፌክሽን ያዛቸው። የ3ቱ የደም ካልቸር (ጀርም የሚለይ የደም ምርመራ) ክሌብሴላ የተባለ ባክቴሪያ አወጣ። አንዷ የ19 ዓመት ልጅ ነበረች፤ አልተረፈችም። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ዝም ብለን አልተቀመጥንም። እጅ መታጠብ ላይ አጥብቀናል። የምናስገባው በቼክሊስት ነው። ጠዋት ራውንድ ላይ «ይሄ ካቴተር ዛሬም ያስፈልጋል?» ብለን እንጠይቃለን። ግን ቆዳ የምናጸዳበት አልኮል ያለው ክሎርሄክሲዲን ቶሎ ቶሎ ያልቅብናል፤ ያኔ በፖቪዶን አዮዲን እንሠራለን። ማታ ደግሞ አንድ ነርስ 4 ሕሙማን ትይዛለች። መድኃኒት ከመስጠት በፊት የካቴተሩን ጫፍ በአልኮል ማሸት የሚዘለለው ያን ሰዓት ይመስለኛል።

አሁን በእርዳታ 20 ካቴተር መጣልን፤ ጀርም በሚገድሉት በክሎርሄክሲዲንና በሲልቨር ሰልፋዲያዚን የተቀባ ነው። አለርጂ ያለበትን ሰው እንለያለን። ካቴተሩ ከ5 ቀን በላይ ለሚቆይበት ሕመምተኛ ይመከራል፤ እኛ ጋ ግን አብዛኛው ሰው ከዚያ በላይ ይቆያል።

እንዲህ ጥቂት ይዛችሁ የሠራችሁ፣ ቅድሚያ የሰጣችሁት በብሽሽት ለሚገባላቸው ነው ወይስ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ ብላችሁ ለገመታችኋቸው?