ለአየር ማረፊያችን የማዕበል ዝግጅት ፕሮፖዛል፦ ምን እናስቀድም? (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ካውንቲው የአየር ማረፊያ ፕሮጀክቶቹን ዝርዝር ለስቴቱ ሊያስገባ ነው። የአየር ማረፊያው ማኔጀር ደግሞ "ሐሳብ ካላችሁ በጽሑፍ አምጡ" ብሎናል። የሃንጋር (የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤት) ተከራዩም፣ መካኒኩም፣ አስተማሪውም በአንድ ድምፅ ከተናገርን ይሰማናል። ስለዚህ እዚሁ ተነጋግረን አንድ የጋራ ፕሮፖዛል እናውጣ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ገንዘቡ ለእኛ አይሰጥም። የፍሎሪዳ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የአቪዬሽን ግራንት (ድጋፍ) የሚሄደው ለአየር ማረፊያው ባለቤት ነው። የእኛ ሜዳ ባለቤት ካውንቲው ነው። የእኛ የሜዳው ተጠቃሚዎች ማኅበር ለትርፍ ያልቆመ መሆኑ እዚህ ላይ አይረዳንም። ጥያቄውም የሚመዘገበው "ጄሲፕ" በሚባለው፣ ስቴቱና የፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) በጋራ በሚያዩት ሥርዓት ውስጥ ነው። እዚያ መግባት የሚችለው ማኔጀሩ ነው። የእኛ ሥራ የሚያስገባውን ነገር አዘጋጅቶ እጁ ላይ ማስቀመጥ ነው።

መካኒኩ፦ እኔ የሃንጋር በር ይቅደም እላለሁ። ባለፈው ማዕበል ጣሪያው የሄደበትን ረድፍ ሁላችሁም አይታችኋል። ሰው ሁሉ "ንፋሱ ጣሪያውን ነቀለው" ይላል። እኔ ግን በማግስቱ ገብቼ አየሁት። መጀመሪያ የተሸነፈው በሩ ነው። የታችኛው መቀርቀሪያ ጎብጧል፣ በሩ ወደ ውስጥ ተቀዷል። ንፋሱ በዚያ ገባና መውጫ ሲያጣ ጣሪያውን ከሥር ወደ ላይ ገፍቶ አነሳው። አሁን ጣሪያውን ብቻ አድሰን በሩን እንዳለ ብንተወው ለሚቀጥለው ማዕበል ደገስንለት ማለት ነው።

ጸሐፊዋ፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ግን ሃንጋሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በሊዝ መሬት ላይ ግለሰቦች በራሳቸው ገንዘብ ያቆሟቸው አሉ። እነዚያን የሚመለከተው የባለቤቱ ኢንሹራንስ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ብለን ከጻፍን ፕሮፖዛላችን ሁሉ ይበላሻል። የካውንቲው የሆኑት ረድፎች ሌላ ናቸው። ለእነሱ የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ፌማ፣ አለ። ፌማ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኢንሹራንሱ ስንት ከፈለ?" ብሎ ነው። ኢንሹራንስ የከፈለውን ደግሞ አይከፍልም።

አንድ ጥሩ ነገር አለ። ፌማ የተጎዳን ነገር ሲያሠራ፣ ያንኑ የተጎዳ ክፍል ከበፊቱ አጠንክሮ ለመሥራት ተጨማሪ ገንዘብ መስጠት ይችላል። በሩ ከተጎዳ፣ የተሻለ ንፋስ የሚችል በር እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል። ያልተጎዳው ረድፍ በር ግን በዚያ መንገድ አይገባም። ስለዚህ በሮቹን ለሁለት እንክፈላቸው።

ጋሼ ገንዘብ ያዥ፦ እስቲ ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ ዝርዝሩን እያሳመርን ኪሳችንን እንዳንረሳ። ፌማ ቢያንስ 75 በመቶ ይሸፍናል። ቀሪውን 25 በመቶ በፍሎሪዳ ልማድ ስቴቱና የአካባቢው መንግሥት እኩል ይካፈሉታል። ስለዚህ ካውንቲው 12.5 በመቶ ያወጣል ማለት ነው። የስቴቱ የአቪዬሽን ግራንት ደግሞ እንደ እኛ ላለ ትንሽ አየር ማረፊያ፣ የፌዴራል ገንዘብ ከሌለበት፣ እስከ 80 በመቶ ሊሄድ ይችላል። 300 ሺህ ዶላር የሚፈጅ ሥራ ብናቀርብ 240 ሺሁ ከስቴቱ፣ 60 ሺሁ ከካውንቲው ይሆናል። ያም ቢሆን ከፍተኛው ልክ ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም።

ሌላው ደግሞ፣ የፌማ ገንዘብ በአብዛኛው የሚመጣው ካወጣችሁ በኋላ ነው። ከፍለህ፣ ደረሰኝ አቅርበህ፣ ቆይተህ ነው። ትንሽ ካውንቲ በዚህ ይጎዳል። ኮሚሽነሮቹ ፊት ስንቀርብ መጀመሪያ የምንጠየቀው "የእኛ ድርሻ ከየት ይመጣል?" የሚል ነው። መልስ ይዘን እንግባ።

ካፒቴን፦ ሁላችሁም ስለተሰበረው ነገር ነው የምታወሩት። እኔ ስለ ማግስቱ ላውራ።

ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ማኮብኮቢያችን ተጠርጎ ደህና ነበር። ታንኩ ውስጥ ጄት ነዳጅ አለ። ሄሊኮፕተር መጣ፣ ነዳጅ ጠየቀ። መብራት የለም፤ ፓምፑ አይሠራም። የካርድ ማንበቢያውም ሞቷል። ነዳጁ እግራችን ሥር ተቀምጦ "የለንም" ብለን መለስነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ከወደቀው ጣሪያ ይልቅ ያ ነው።

ሄሊን የተባለችው ማዕበል በ2024 ሰሜን ካሮላይና ተራሮች ላይ ያደረገችውን አስታውሱ። ኢንተርስቴት 40 በፒጅን ሪቨር ገደል በኩል ተንዶ ተቆረጠ፤ በየአቅጣጫው አንድ አንድ መስመር እንኳ የተከፈተው ማርች 2025 ላይ ነው። ያኔ ውሃውንና መድኃኒቱን ያደረሰው ማን ነው? ትናንሽ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ናቸው። እንደ ኮንኮርድ፣ ስቴትስቪልና ሂኮሪ ያሉ አየር ማረፊያዎች መጋዘንም መናኸሪያም ሆኑ። መንገድ ሲቆረጥ ትንሹ ሜዳ ነው ከተማውን የሚያበላው። እኛ ግን ፓምፕ ማስነሳት አልቻልንም!

ሰብሳቢው፦ ካፒቴን፣ የፕሮፖዛሉ መክፈቻ ይኸው ነው። "ሃንጋራችን ፈረሰ" ብንል ኮሚሽነሩ "የሀብታሞች አውሮፕላን ማቆሚያ" ብሎ ያልፈዋል። "በሁለተኛው ቀን ለሕዝቡ ዕርዳታ የሚያርፍበት ቦታ ይኑር" ብንል ግን የሁሉም ጉዳይ ይሆናል።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ ለነገሩ አዲስ ነኝ። ኤፍኤኤ ራሱ የአየር ማረፊያ ገንዘብ ይሰጥ የለም እንዴ? ለምን ስቴቱ ጋ እንሄዳለን?

ጸሐፊዋ፦ ይሰጣል። በ1982ቱ ሕግ የተቋቋመ የአየር ማረፊያ ማሻሻያ ፕሮግራም አለው። ለማኮብኮቢያ፣ ለመብራት፣ ለዕቅድ ሥራ ነው። ለዕለት ተዕለት ጥገና ግን አይደለም። ደግሞ ወረፋው ረጅም ነው። አንዱን ሥራ ከሁለት ቦታ እንዳናስከፍልም መጠንቀቅ አለብን፤ ያ ከተገኘ የተሰጠውም ይመለሳል።

የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። ትልልቆቹ መደበኛ የመንገደኛ በረራ ያላቸው አየር ማረፊያዎች በኤፍኤኤ ደንብ ክፍል 139 መሠረት የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የመያዝ ግዴታ አለባቸው። በአንደኛ መደብ ያሉት በየ36 ወሩ ሙሉ ልምምድ ያደርጋሉ። እኛን ግን ይህ ደንብ አይመለከተንም። ስለዚህ የተጻፈ ነገር የለንም። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እንኳ የሚታወቀው በስልክ ተደዋውሎ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እኛን ነው።

መካኒኩ፦ ጄኔሬተር ከሆነ የምትጠይቁት፣ የት እንደሚቀመጥ አሁኑኑ ይጻፍ። የማኮብኮቢያው መብራት መቆጣጠሪያ ያለበትን ትንሽ ክፍል ታውቁታላችሁ? ወለሉ ከመሬት እኩል ነው። ባለፈው ጨው ውሃ ገብቶ ወጣ። ከደረቀ በኋላ ከፈትኩት፤ ናሱ አረንጓዴ ሆኗል። ጨው ውሃ የነካው መገናኛ ዛሬ ቢሠራ ከነገ ወዲያ ይቆማል። ጄኔሬተሩን አምጥተን እዚያው አጠገብ መሬት ላይ ብናስቀምጠው ምኑን ተዘጋጀነው? ሁለቱም ከጎርፍ ልክ በላይ ከፍ ባለ የኮንክሪት መድረክ ላይ ይቀመጡ።

ጋሼ ገንዘብ ያዥ፦ መድረኩ ዋጋውን ያንረዋል።

መካኒኩ፦ ሁለተኛ ጄኔሬተር ከመግዛት ይረክሳል ጋሼ።

ሰብሳቢው፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። እዚሁ ፍሎሪዳ ያለውን የፑንታ ጎርዳ አየር ማረፊያ እዩ። በ2004 ቻርሊ የተባለው ማዕበል ሃንጋሮቹንም ተርሚናሉንም አፈራረሰው። በ2022 ኢያን ደግሞ ተመልሶ መጣበት። ማዕበል "እዚህ መጥቼ ነበር" ብሎ አይተውም። ትልቁም ቢሆን አይድንም፤ ሚልተን በኦክቶበር 2024 የሳራሶታ ብራደንተንን ጣሪያ ቀዶ፣ አየር ማረፊያው እስከ ኦክቶበር 16 ድረስ ተዘግቶ ነበር።

ጸሐፊዋ፦ የጊዜውን ነገር ደግሞ አስቡበት። የማዕበል ወቅት የሚጀምረው ጁን 1 ነው፣ የሚያልቀው ኖቬምበር 30። የስቴቱ በጀት ዓመት የሚከፈተው ጁላይ 1 ነው። ገንዘቡ ቢፈቀድ እንኳ ማዕበሉ ከጀመረ በኋላ ነው። ከዚያ ጨረታ፣ ከዚያ ግዢ። ጄኔሬተር ደግሞ ከሱቅ መደርደሪያ አንስተህ የምትወስደው ዕቃ አይደለም። ዛሬ የምንጠይቀው ለዘንድሮ አይደርስም።

ስለዚህ ገንዘብ የማይፈልገውን አሁን እንጀምር። እያንዳንዱ የካውንቲ ሃንጋር፣ በር፣ አጥር፣ የመብራት ክፍል ከማዕበል በፊት ፎቶ ይነሳ፤ ቀኑ ይታይ። ባለፈው ጊዜ ካውንቲውን ያንገላታው ይኸው ነው። ገምጋሚው "ይህ ስንጥቅ ከማዕበሉ በፊት አልነበረም?" ሲል የሚያሳይ ሥዕል አልነበረም። ቆሻሻ የጠረጉ ሰዎች ሰዓትም አልተመዘገበም። ፌማ ዘንድ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

የጠረጋና የጣሪያ ተቋራጭም ከወቅቱ በፊት በጨረታ ተመርጦ ይቀመጥ። በማግስቱ በስልክ የተጠራ ሰው ሥራውን ይጨርሳል፣ ካውንቲው ግን የግዢ ደንብ ጥሰሃል ተብሎ ገንዘቡን ያጣል።

ካፒቴን፦ በዚያ ላይ ሲዶግን ጨምሩ። የደቡብ ምሥራቅ አየር ማረፊያዎች የመረዳጃ ቡድን ነው። በ2004 ኢቫን ፔንሳኮላን ሲመታ የሳቫና አየር ማረፊያ ሰዎች መጥተው ረድተዋል፤ ነገሩ ከዚያ ነው ያደገው። ዕድራችን ቢባል ይሻላል። ማኔጀራችን ከወዲሁ ይተዋወቃቸው፤ ለዚህ ግራንት አያስፈልግም።

ሰብሳቢው፦ እሺ፣ ላሳጥረው። ኮሚሽነሮቹ ረጅም ነገር አያነቡም። የፕሮፖዛሉ ዋና ጽሑፍ እንዲህ ይሁን፤ አስተካክሉት፦

"አየር ማረፊያው ማዕበል ካለፈ በሁለተኛው ቀን ለዕርዳታ በረራ ክፍት እንዲሆን፣ ካውንቲው በስቴቱ የአቪዬሽን ግራንት የነዳጅ ፓምፑንና የማኮብኮቢያውን መብራት የሚያንቀሳቅስ ጄኔሬተር፣ ከመብራት መቆጣጠሪያው ጋር ከጎርፍ ልክ በላይ በተሠራ መድረክ ላይ እንዲያስቀምጥ እንጠይቃለን። ከዚሁ ጋር የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ተጽፎ ከካውንቲው የአደጋ መከላከል ቢሮ ጋር በየዓመቱ ከጁን በፊት ልምምድ ይደረግበት።"

የተጎዱት ሃንጋሮች በር በተለየ ወረቀት በፌማ መንገድ ይሂድ። ያልተጎዱት ረድፎች ለሚቀጥለው ዓመት ዝርዝር ይቆዩ።

መካኒኩ፦ በሬን ለሚቀጥለው ዓመት ገፋችሁት ማለት ነው። እሺ፣ ይሁን። ግን "ይቆዩ" ብሎ መተው አይበቃም፤ ጄሲፕ ውስጥ አሁኑኑ ይመዝገብ። ያልተመዘገበ ነገር ወረፋም የለውም።

ጸሐፊዋ፦ ትክክል። ይገባል።

ጋሼ ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጄኔሬተሩ ተገዝቶ ቆሞ ከከረመ በማዕበሉ ቀን አይነሳም። ስንቱን አይተናል። ማን ነው የሚንከባከበው? ኮሚሽነሮቹም ይህን መጠየቃቸው አይቀርም። ማኅበራችን በየወሩ አስነስቶ ሊሞክረው፣ ሊመዘግበውም ፈቃደኛ ነው ብለን ብንጽፍ ድርሻ አወጣን ማለት ነው።

መካኒኩ፦ እኔ አለሁበት። በየወሩ ቅዳሜ ጠዋት፣ ግማሽ ሰዓት የኤሌክትሪክ ጭነት ላይ አድርገን። የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን አይመቸኝም፤ ሁለተኛው ይሁን።

ካፒቴን፦ ሁለተኛው ተማሪዎች አሉኝ፤ ከሰባት ሰዓት በፊት ካለቀ እመጣለሁ።