ሲሪስ ኤስ ወይስ ሲሪስ ኤክስ? ግራ ገብቶኛል

ሰላም ናችሁ? የጌም ማጫወቻ፣ ኤክስቦክስ ልገዛ ነው። ግን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አቅቶኝ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

ፕሮሰሰራቸው ያው ነው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ስምንት ኮር ነው፣ የፍጥነት ልዩነታቸውም ትንሽ ነው። ነገሩ የሚለየው ግራፊክስ ላይ ነው፤ ኤክሱ 12 ቴራፍሎፕ (የግራፊክስ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ኤሱ 4 ብቻ። ሦስት እጥፍ! ግን ኤሱ የተሠራው ለ1440ፒ የምስል ጥራት ነው፣ ኤክሱ ለ4ኬ። የኔ ቲቪ ደግሞ 1080ፒ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ጉልበት ምን ይሠራልኛል?

እዚህ ድረስ ኤሱን ልገዛ ቆርጬ ነበር። ከዚያ ቲቪው ስር ያለውን መሳቢያ ከፈትኩ። አስራ አንድ የድሮ የጌም ዲስክ። አንዱ ሽፋኑ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ግን እስካሁን የሚሠራ። ኤሱ ዲስክ ማስገቢያ የለውም። እነዚህን ሁሉ እንደገና በዳውንሎድ ልገዛ ነው? አንጀቴ አልቻለም።

ሌላው ሜሞሪው ነው። ኤሱ 10 ጊጋ፣ ኤክሱ 16። እኔን የሚያስፈራኝ ከቴራፍሎፑ ይልቅ ይሄ ነው፤ የምስል ጥራቱን ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ሜሞሪ ሲያጥር ግን ጌም ሠሪዎቹም ይቸገራሉ። የኤሱ 512 ጊጋ ስቶሬጅም ለጌም የሚተርፈው 364 አካባቢ ነው። ሦስት አራት ትልልቅ ጌም ከጫንኩ አለቀ።

ሁለቱንም የሞከራችሁ፣ 1080ፒ ቲቪ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል? ኤሱን ይዛችሁ የቆያችሁስ፣ ስቶሬጁን እንዴት ቻላችሁት?