የድመቶቻችን መዋጮ ወር አያደርስም፤ ከየት እንጀምር?

ድመት ወዳጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በአራት ኪሎና በፒያሳ አካባቢ 5 ሆነን በበጎ ፈቃድ የተጣሉ ድመቶችን እናነሣለን። አሁን 14 አሉን፤ ለአንድ ክሊኒክ ደግሞ 38 ሺህ ብር ዕዳ አለብን። የታመመች ድመት ፎቶ ስንለጥፍ ብር ይገባል፣ በሳምንቱ ይደርቃል። የሚገባው በአንዳችን ቴሌብር ነው። ውጭ ያሉ ወገኖች ሊረዱን ቢፈልጉም መንገዱ ጠፍቶናል። ጾም ሲገባ ደግሞ ከሥጋ ቤት የምናገኘው ቁርጥራጭ ይቀራል። ምን ትሉናላችሁ?

ገንዘብ ያዡ
እህቴ፣ መጀመሪያ ብሩን ከግል ስልክ አውጡት። በሦስት ሰው ስም የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፣ ሁለቱ ሳይፈርሙ እንዳይወጣ። ያለዚያ የአስቤዛውና የድመቱ ብር ይቀላቀላል፤ ሰጪ እጁን የሚሰበስበው ያኔ ነው።

ቀጥሎ እንደ ዕድር በወርሃዊ መዋጮ ሂዱ። በፎቶ የሚመጣ ብር ለዚያች ድመት የመጣ ነው፤ ለመጸዳጃቸው አሸዋ፣ ለበረኪናና ለቤት ኪራይ የሚሰጥ የለም። 100 ሰው በወር 200 ብር ቢያዋጣ 20 ሺህ ብር በቁርጥ ይገባል። ማስታወሻው ደመወዝ በወጣ በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ ይላክ፤ ከዚያ ካለፈ ብሩ ሌላ ቀዳዳ ደፍኗል። በየወሩ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን ዕዳ ከደረሰኞቹ ፎቶ ጋር ለአዋጪዎቹ አሳዩ። የክሊኒኩን ዕዳ ግን ሰጪዎች በቀጥታ ለክሊኒኩ ቢከፍሉ ይሻላል።

ውጭ ላሉት፦ ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ ገንዘብ ከሚያስተላልፍባቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ በባንክ ሐዋላ ይላኩ። ተቋማት እንዲረዷችሁ ከፈለጋችሁ ግን ተመዝገቡ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር ለመመሥረት 5 አባላት ይበቃሉ፤ እናንተም 5 ናችሁ። አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ከወዲሁ ለይታችሁ መዝግቡ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ
ገቢው ላይ ብቻ አትሩጡ፣ የሚያፈስሰውን ቀዳዳም ድፈኑ። ሴት ድመት ከ4 ወሯ ጀምራ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋ 2 ወር ገደማ ነው፤ እያጠባችም ትደግማለች። ስለዚህ ለማምከን የተገኘ ብር ሁሉ ሴቶቹን ያስቀድም። የመከነች መሆኗ በዓይን እንዲታወቅ ቀዶ ጥገናው ላይ እያለች የግራ ጆሮዋ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ አለበለዚያ ከዓመት በኋላ ያችኑ ድመት ይዛችሁ፣ አደንዝዛችሁ፣ ሆዷን ከፍታችሁ ድጋሚ ትከፍላላችሁ።

ሁለተኛው ቀዳዳ ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው ተላላፊ የድመት የቫይረስ በሽታ ነው። አንድ የታመመ ግልገል ከሌሎቹ ጋር ከተቀላቀለ በአንድ ሳምንት የዓመት መዋጮ ይበላል። አዲስ የመጣ ሁሉ 14 ቀን ለብቻው ይቆይ፤ የራሱ ሳህን፣ የራሱ አሸዋ ይኑረው። ቫይረሱ ወለል ላይ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል፤ አልኮልና ሳሙና አይገድሉትም። ወለሉን በሳሙና አጥባችሁ ካለቀለቃችሁ በኋላ በ1 ሊትር ውኃ 30 ሚሊ ሊትር በረኪና በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ አቆዩበት። ቆሻሻው ሳይነሣ ከፈሰሰ በረኪናው ይከሽፋል። ሳሙናና በረኪና አብራችሁም አትቀላቅሉ። ለመለያ ክፍል ከሌላችሁ ደግሞ አዲስ አትቀበሉ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን 15ኛዋን ስትቀበሉ 14ቱን ታጋልጣላችሁ።

የፒያሳ ልጅ
ስለ ምግቡ እኔ ልጨምር። ደረቅ ምግብ ለአንድ ድመት በቀን 60 ግራም ቢሆን፣ ለ14ቱ በወር 25 ኪሎ ነው። ያን በሙሉ መግዛት ካልቻላችሁ ከፊሉን በሥጋ ተኩት። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ግን በጾሙም ያርዳሉ፣ ከቅበላ በፊት ሄዳችሁ ተስማሙ። ሳንባ ብቻ አትጠይቁ፣ ልብ ጨምሩ፤ ድመት ታውሪን የሚባለውን ከሥጋ የሚገኝ ንጥረ ነገር ካላገኘች ዓይኗም ልቧም ይጎዳል፣ ልብ ውስጥ ደግሞ በብዛት አለ። ሲቀቀል ታውሪኑ ወደ መረቁ ስለሚወጣ መረቁን አትድፉት፣ ቀዝቀዝ ሲል ከሥጋው ጋር ስጧቸው። ጨውና ሽንኩርት አይግባበት። ጉበት በሳምንት አንዴ በቂ ነው። ለፍሪዘር የምታስቀምጡትን የቀን የቀኑን በየፌስታሉ ለዩት፤ መብራት ጠፍቶ የቀለጠው ፌስታል ተመልሶ እንዳይገባ።