አስቸኳይ፦ የፎርስና የአክስለሬሽን ግራፌ ዜሮን ስቶ ያልፋል

ጽጌ
ሪፖርቱ የሚገባው ነገ ጠዋት ነው፣ እባካችሁ ድረሱልኝ! ጋሪውን በፑሊ (ክሩን ወደ ታች በሚያዞር ትንሽ ጎማ) በሚያልፍ ክር አስሬ በየተራ 20፣ 40፣ 60፣ 80 እና 100 ግራም አንጠለጠልኩ። ከቲከር ታይመሩ (ጋሪው በሚጎትተው ወረቀት ላይ በእኩል ጊዜ ነጥብ የሚያትም መሣሪያ) ያገኘሁት አክስለሬሽን (የፍጥነት ጭማሪ) 0.18፣ 0.54፣ 0.87፣ 1.18፣ 1.47 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ግራፉ ዜሮ ላይ አያልፍም፣ ወደ ላይ ሲሄድ ደግሞ ይጎብጣል። ታይመሩ ተበላሽቷል መሰለኝ፤ በምን ልቀይረው?

ሾፌሩ
ጎማው ላይ ዘይት ጠብ አድርጊበት፣ አለቀ።

ዝምተኛው
ጋሪው ስንት ይመዝናል? ክብደቶቹስ ከመሰቀላቸው በፊት የት ነበሩ?

ጽጌ
500 ግራም። ክብደቶቹ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ፣ እሱ ምን አገናኘው?

መምህሩ
መሠረቱን ሳይዙ ወደ ግራፍ መሮጥ ነው ችግሩ። ኒውተን ሁለተኛውን የእንቅስቃሴ ሕጉን በ1687 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም የተናገረው ስለ እንቅስቃሴ መጠን ለውጥ ነው፤ ‹ኤፍ እኩል ኤም ኤ› (ኃይል እኩል ማስ ሲባዛ በአክስለሬሽን) የሚለው አጻጻፍ በኋላ የመጣ ነው። ኤፍ ማለት ደግሞ የሁሉም ኃይሎች ድምር እንጂ አንዱ ብቻ አይደለም። ይህን ያልተረዳ ተማሪ...

ቀልደኛው
መምህር፣ ነገ ጠዋት ብላለች እኮ፤ 1687 ላይ ነን ገና።

ሾፌሩ
ዘይቱን ሞክሪው አልኩሽ።

ዝምተኛው
ታይመርሽ ደህና ነው። የተንጠለጠለው 100 ግራም ጋሪውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ያፋጥናል፤ የሚንቀሳቀሰው ማስ 0.6 ኪሎ ነው። 0.6 ሲባዛ በ1.47፣ 0.88 ኒውተን። የክብደቱ ስበት ግን 0.98 ነው፣ 0.10 ጎደለ። የ40 ግራሙን እዪው፦ 0.54 ሲባዛ በ0.54፣ 0.29፤ ስበቱ 0.39፣ አሁንም የጎደለው 0.10 ነው። ሌሎቹም እንደዚያው። ሁሌ እኩል የሚጎድለው ሰበቃ ነው፣ ግራፉን ከዜሮ ያራቀውም እሱ። መጉበጡ ግን ሌላ በሽታ ነው፦ ከጠረጴዛ እያነሳሽ በጨመርሽ ቁጥር ጠቅላላ ማሱ ከ0.52 ወደ 0.6 አድጓል።

እንደገና የምትሠሪ ከሆነ አምስቱንም ባለ 20 ግራም ጋሪው ላይ ጫኚና አንድ በአንድ ወደ ክሩ አዛውሪ። ጠቅላላው 0.6 ላይ ይቆማል፣ የፎርስና የአክስለሬሽን መስመሩ ስሎፕም (ተዳፋቱ) 1.67 ገደማ መውጣት አለበት። ለሰበቃው የሐዲዱን የኋላ ጫፍ ከፍ አድርጊ፤ ሐዲዱ 1.2 ሜትር ከሆነ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። የተንጠለጠለውን ፈትተሽ ጋሪውን በትንሹ ግፊው፣ ነጥቦቹ እኩል ርቀት ላይ ከታተሙ ልክ ነው። ወረቀቱ በታይመሩ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ እሱም ይጎትታላ። ከመጠን በላይ ካነሳሽው መስመሩ ዜሮን በሌላው በኩል ይስታል።

ብረቱ
ይሄ ሁሉ ለምን? ጋሪውን በስፕሪንግ ሚዛን ጎትቶ ቁጥሩን ማንበብ ነው። ፑሊ የሚባለው ነገር ራሱ ስህተት ነው።

ዝምተኛው
እየተፋጠነ በሚሄድ ጋሪ ላይ የሚንቀጠቀጥ ቀስት አንብብና ንገረን። እጅ ኃይሉን እኩል አድርጎ አይዝም። ፑሊው ቀላል ከሆነና ክሩ ከሐዲዱ ጋር ትይዩ ከሆነ ምንም አይልም።

ሚዛን
ጽጌ፣ ነጥብ ሳይሆን በነጥቦች መካከል ያለውን ክፍተት ነው የሚቆጠረው። በ50 ኸርዝ ታይመር (በሰከንድ 50 ነጥብ የሚያትም) 5 ክፍተት (6 ነጥብ) 0.1 ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ላይ የተጨናነቁትን ዝለያቸው፤ ክብደቱ ወለል ከነካ በኋላ ያሉትንም ቁረጪ፣ እዚያ የሚስብ ኃይል የለም።

ጽጌ
ላቦራቶሪው ተዘግቷል፣ ድጋሚ መሥራት አልችልም 😭

ሚዛን
አያስፈልግሽም። ባለሽ ዳታ በአግድሙ ላይ የተንጠለጠለውን ስበት፣ በቁሙ ላይ ጠቅላላ ማስ ሲባዛ በአክስለሬሽን አድርጊ። ቀጥ ያለ መስመር ይወጣልሻል፣ ስሎፑ 1 አካባቢ፣ አግድሙን የሚቆርጠው 0.10 ላይ። ያ 0.10 ሰበቃው ነው፤ ደብቀሽ ሳይሆን ለይተሽ ጻፊው። መስመሩን በጉልበት ዜሮ ላይ እንዳታሳልፊ!

ሾፌሩ
እና ዘይቱስ?

ሚዛን
የጎማው አክስ (መዞሪያ ዘንግ) ላይ ከሆነ ይረዳል፣ 0.10ን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ጎማው ላይ ካፈሰስሽው ግን ሐዲዱን ስትጠርጊ ታድሪያለሽ።